ስለ ሞተር ካቴናና ጥርስ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ሞተር ሳይክል ካቴናና ስለ ፊትና ኋላ ጥርሶቹ (ስፕሮኬት የምንላቸው) የመጡልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መካኒኩ ካቴናዬን አየት አድርጎ "አልቋል" አለኝ። እኔ ግን ምንም አይታየኝም። በምን ልወቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዓይን ብቻ ያስቸግራል፤ በእጅ ግን ይታወቃል። ካቴናው የኋላውን ጥርስ አቅፎ በሚዞርበት፣ ከሁሉም ወደ ኋላ በወጣው ቦታ ላይ ያዘውና ሳበው። ደህና ከሆነ ልጥፍ ብሎ ይቀራል። ተነስቶ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ መካኒኩ እውነቱን ነው።

በልክ ማወቅ ከፈለግክ ካቴናውን ወጠር አድርገህ ከአንዱ ፒን መሃል እስከ 21ኛው ፒን መሃል ለካ። 428 የተባለው ካቴና (ቁጥሩ የካቴናው መጠን መለያ ነው) አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 520 ከሆነ 317.5። የሞተርህ መጽሐፍ ላይ ገደቡ ተጽፎ ካገኘህ እሱን ያዝ። ካጣህ ግን እኔ 1 ፐርሰንት ሲረዝም አዲስ አዘጋጃለሁ፤ 2 ፐርሰንት ከሞላ (428 ላይ 259 ገደማ) አልነዳበትም።

የሚረዝመው ብረቱ ተለጥጦ አይደለም። በየመጋጠሚያው ፒኑና ቡሹ (ፒኑ የሚገባበት ቱቦ) እየተፋጩ ይበላሉ። አንዱ ጋ ያለው ክፍተት ኢምንት ነው፤ መቶ ምናምን መጋጠሚያ ሲደመር ግን በማስመሪያ የሚታይ ልዩነት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ካቴናውን ብቻ ብቀይርስ? ጥርሶቹ ገና ደህና ይመስላሉ።

መልስ፦ ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ መልሴም ሁሌ አንድ ነው፦ ሦስቱን አብራችሁ ቀይሩ። ጥርሶቹ ከረዘመው ካቴና ጋር አብረው ተበልተዋል። አዲሱ ካቴና በራሱ ትክክለኛ ርቀት ሲመጣ ከተበላው ጥርስ ጋር አይገጥምም። ጭነቱን ብዙ ጥርስ ተካፍሎ መያዝ ሲገባው ጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል። ያኔ ለወራት ሊያገለግል የሚችል ካቴና በአጭር ጊዜ ያልቃል። የተቆጠበው ገንዘብ እዚያው ላይ ይበላል።

ጥርሱን ደግሞ ከጎን ሆናችሁ እዩት። ደህናው ጥርስ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ያለቀው በአንድ በኩል ተበልቶ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። የፊቱን ክዳን ፈታችሁ ማየት አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ለምሳሌ የፊቱ 15፣ የኋላው 42 ጥርስ ከሆነ፣ የኋላው አንዴ ሲዞር የፊቱ 2.8 ጊዜ ይዞራል።

ጥያቄ፦ የካቴናው መወጠሪያ ማስተካከያ መጨረሻው ደርሷል። አንድ ሁለት መጋጠሚያ ቆርጬ ባሳጥረውስ?

መልስ፦ እባክህ አታድርገው። ርዝመቱን ታሳጥረዋለህ፣ የተበላውን ፒን ግን አትመልሰውም። እንዲህ ያለ ካቴና ጥርስ ሊዘል ወይም ሊበጠስ ይችላል። ተበጥሶ ከኋላ ጎማ ጋር ከተጠመጠመ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

ጥያቄ፦ ስንት ያህል ይወጠር? እኔ እንዳይንቋቋ ብዬ ጥብቅ ነው የማደርገው።

መልስ፦ እህቴ፣ ከላላው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሞተሩ ላይ ስትቀመጪ ወይም ጉድጓድ ሲመታሽ የኋላው ሹካ (የኋላ ጎማውን የያዘው) ወደ ላይ ይነሳል። የፊት ጥርሱ፣ ሹካው የሚታጠፍበት ቦታና የጎማው ፐርኖ አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ካቴናው ከሁሉም በላይ ይወጠራል። ቆሞ ሳለ ጥብቅ የነበረ ካቴና ያኔ የሚሄድበት የለውም፤ የፊት ጥርሱ ያለበትን ዘንግ ይጎትታል። ኩሽኔታው የሚጎዳው፣ ዘይት ማንጠብጠብ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

የታችኛውን መስመር መሃሉ ላይ በጣትሽ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሺው። ለብዙ የአስፋልት ሞተሮች ጠቅላላው እንቅስቃሴ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ የገጠር መንገድ ሞተር ከዚህ በላይ ይፈልጋል። የሞተርሽ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ይበልጣል። አንድ ቦታ ብቻ ለክተሽ አትጨርሺ። ጎማውን ቀስ እያልሽ አዙሪው፤ ካቴናው እኩል ስለማያልቅ አንዱ ጋ ጠበቅ ይላል። ልኩን እዚያ ላይ አስተካክዪ። ከኋላ ጎማው ፐርኖ ግራና ቀኝ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶችም እኩል ይሁኑ።

ጥያቄ፦ በቤንዚን ባጥበውስ?

መልስ፦ ኦሪንግ ያለው ከሆነ አይሆንም። ቀጫጭኖቹ ጎማዎች በውስጥ ያለውን ግራሶ ይዘው የሚያቆዩ ናቸው፤ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ ያበላሻቸዋል። ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ከዚያ በጨርቅ አድርቁት፣ ዘይቱን በውስጠኛው በኩል ቀቡት። ከጉዞ መልስ ካቴናው ሞቅ ሲል ጥሩ ነው፤ ዘይቱ እስከ ማግስቱ ይሰርጋል። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ በዚያው ቀን።

ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ ማጽዳት ግን በፍጹም! ጨርቁን ይዞት ሲሄድ ጣትም አብሮ ይሄዳል። ጎማውን በእጃችሁ አዙሩት።

ጥያቄ፦ የካቴናው ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት መጋጠሚያ ክሊፕ አፉ ወዴት ይዙር?

መልስ፦ ዝጉ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት፣ ክፍቱ ወደ ኋላ።

ጥያቄ፦ ለዳገት የፊቱን ከ15 ወደ 14 ጥርስ ባወርደውስ?

መልስ፦ ጉልበት ታገኛለህ። ከ42 ጋር 2.8 የነበረው 3 ይሆናል። በምትኩ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ የበለጠ ይጮሃል፣ ነዳጅም ሊጨምር ይችላል። ትንሹ ጥርስ ካቴናውን አብዝቶ ስለሚያጥፈው ድካሙ ይበዛል። ሁሌ ዳገት ላይ ጭነት ይዘህ የምትሠራ ከሆነ ያዋጣል፤ አለበለዚያ ፋብሪካው የሰጠህን አትንካው።

ጥያቄ፦ የፊት ጥርሱ ዳዶ አልፈታ አለኝ። ጥርሱ አብሮ ይዞራል።

መልስ፦ ካቴናውን ቀድመህ አውጥተኸው ይሆናል፤ መልሰህ አስገባው። የመቆለፊያው ዋሸር ምላስ ታጥፎ ከሆነ ቀና አድርገው። ማርሽ አስገባ፣ አንድ ሰው የኋላ ፍሬኑን ይርገጥልህ፣ ያኔ በረጅም ቁልፍ ፍታው። አዲሱን ስትገጥም ምላሱን መልሰህ እጠፈው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላም የካቴናውን ልክ እንደገና እየው።