ለአምስት ሊትር ዘይት ሦስት ሱቅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። በአዲስ አበባ ጀሞ አካባቢ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ችግሬን ለሰው ስናገር ስለሚሳቅብኝ ለእናንተ መጻፍን መረጥኩ። የቤት አስቤዛ ለመግዛት በወጣሁ ቁጥር ሳወጣ ሳወርድ እውላለሁ። ዘይት ልገዛ ሄጄ ሦስት ሱቅ ዋጋ እጠይቅና፣ ምናልባት በእሁድ ገበያ ይቀንስ ይሆናል ብዬ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ማታ ወጥ ሲጣድ ዘይት ስለሌለ ልጄን ሰፈራችን ወዳለው ኪዮስክ ልኬ ከሁሉም በተወደደ ዋጋ አስገዛለሁ። ባለፈው ሰሞን ለቤት የሚሆን ፔርሙዝ ፍለጋ መርካቶ ድረስ ወርጄ፣ ሻጩን ዕቃ ከመደርደሪያው ሲያስወርዱትና ሲያስመልሱት ውለው ሳይገዙ እንደሚሄዱት ሰዎች ሆኜ ተመለስኩ። ከገዛሁ በኋላም አያርፍልኝም፤ ጎረቤቴን «አንቺ በስንት ገዛሽው?» ብዬ እጠይቅና በ20 ብር አሳንሳ ገዝታው ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁረኝ ይውላል። ባለቤቴ «ቆጣቢ ስለሆንሽ ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን ደክሞኛል። ይህ ቁጠባ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ምን ባደርግ ይሻለኛል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ማመንታትዎ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአብዛኛው የከተማችን ሱቅ ዋጋ ተለጥፎ አይገኝም፤ ቢለጠፍም ብዙ ሳይቆይ ይቀየራል፤ በመርካቶም ሆነ በሾላ ገበያ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለክርክር መነሻ እንጂ የመጨረሻው እንዳልሆነ ሻጭም ገዥም ያውቃል። በዚህ ላይ የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚገዛ ሰው በልቡ ይዞት የኖረው ዋጋ በአንድ ጊዜ አርጅቶበታል። የለመደው ዋጋ የጠፋበት ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሻጭ የሚያታልለው ይመስለዋል። ስለዚህ ዋጋ መጠየቅዎን እንዲተዉ አንመክርዎትም።

ቁጠባ ነው ወይስ ሌላ ነገር ላሉት ግን መልሱን ደብዳቤዎ ራሱ ይዞታል። ቀን ሦስት ሱቅ ዞረው ያልገዙትን ዘይት ማታ በውድ ዋጋ አስገዝተዋል፤ ቁጠባ ቢሆን ኖሮ በወሩ መጨረሻ ከቦርሳዎ የሚተርፍ ነገር መኖር ነበረበት። ሒሳቡን እንመልከተው። በሳምንት ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የሚገዛ ቤተሰብ በኪሎ 5 ብር የሚቀንስለት ሻጭ ቢያገኝ በወር የሚያተርፈው 40 ብር ገደማ ነው፤ ለዚያ ሲል ታክሲ ከተሳፈረ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ያው ቤተሰብ አንድ ኩንታል ጤፍ ሲገዛ በኪሎ 10 ብር ቢያስቀንስ ግን በአንድ ቀን 1,000 ብር በእጁ ይቀራል። ብዙዎቻችን (ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም) በሽንኩርቱ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክረን ስናበቃ፣ ጤፉን የእህል ነጋዴው በጠራልን ዋጋ እንወስዳለን። እርስዎም አእምሮዎን የሚያደክሙት ለጤፉ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያና ለቤት ዕቃ ቢሆን ድካሙ ዋጋ ያገኝ ነበር።

አሜሪካዊው ምሁር ሄርበርት ሳይመን ይህን የሰው ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ አንሥተውታል፤ በኋላም በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ያሉትን አማራጮች ሁሉ አይቶ የበለጠውን ለመምረጥ ጊዜውም ዐቅሙም ስለሌለው፣ ምን ያህል እንደሚበቃው ለራሱ ወስኖ ያንን የሚያሟላውን ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። የእርስዎ ችግር መስፈርቱን ሳይወስኑ ከቤት መውጣትዎ ይመስለናል። ፔርሙዙን እንውሰድ። ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሊትር የሚይዝ፣ በጠዋት የተሞላውን ሻይ እስከ ከሰዓት ትኩስ አድርጎ የሚያቆይ፣ ከዚህ ብር የማይበልጥ ብለው በወረቀት ይጻፉ። ሱቅ ሲደርሱ ክዳኑን ከፍተው የውስጥ ብርጭቆው አለመሰንጠቁን ይዩ፤ የክዳኑ ጎማ በደንብ መግጠሙን ይሞክሩ፤ ውኃ አስጨምረው ገልብጠው አለማፍሰሱን ያረጋግጡ። እነዚህን ካሟላና ዋጋው ከወሰኑት ካልበለጠ ከፍለው ይውጡ። ቀጣዩ ሱቅ ውስጥ አበባ የተሣለበት፣ ትንሽ የሚያምር ፔርሙዝ መኖሩ አይቀርም፤ ሻዩ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

በየሳምንቱ ለሚገዛ አስቤዛ ደግሞ የሚያዋጣው አንድ ጊዜ ወስኖ መገላገል ነው። ለአትክልት አንድ፣ ለዘይትና ለስኳር አንድ፣ ለእህል አንድ ደንበኛ ይያዙ። የደንበኛ ጥቅም በብር ብቻ አይለካም። ሽንኩርት ሻጯ የተበላሸውን ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ራሷ ለቅማ ታወጣዋለች፤ ቲማቲሙ ለነገ የማያድር ከሆነ ሌላ ገዥ ሳይሰማት ትነግርዎታለች፤ ከመዘነች በኋላ ሁለት ሦስት ቃሪያ ትመርቅልዎታለች፤ ደመወዝ የዘገየ ዕለትም በዱቤ ትሰጣለች። እርግጥ ነው፣ ደንበኝነት ሲቆይ ዋጋ ሾልኮ ሊጨምርብዎት ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ በተቀበሉበት ሳምንት፣ የእሁድ ገበያውንና የሸማቾች ማኅበሩን ሱቅ ዋጋ አይቶ በስልክዎ ላይ መመዝገብ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ባሉበት ይቆዩ፤ የሰፋ ከሆነ ለደንበኛዎ «እዚያ በዚህ ዋጋ አይቼዋለሁ» ይበሏት፤ ብዙ ጊዜ ታስተካክላለች። በቀሩት ሦስት ሳምንታት ግን ዋጋ ማወዳደር አይኖርብዎትም፤ ጉዳዩ ተወስኗልና።

የመግዣ ጊዜን አስቀድሞ መወሰንም ብዙ ጭንቀት ያቃልላል። ዘይት ጀሪካኑ ሲራገፍ ሳይሆን ሩብ ያህል ሲቀረው የሚገዛ ቤት ከኪዮስኩ ዋጋ ይድናል። ለበዓልም እንዲሁ ነው፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚሆነውን ሽንኩርት ዐሥር ቀን ቀድመው ገዝተው አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ቢያስቀምጡት አይበላሽም፤ በዋዜማው ሲገዙ ግን የተጠሩትን ከመክፈል ሌላ ምርጫ አይኖርዎትም።

ምርጫ ሲበዛ ሰው ግዢው ይቅርብኝ ይላል የሚባለውን ሳይሰሙ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በሱፐርማርኬት ውስጥ 24 ዓይነት ማርማላታ ከቀረበላቸው ሰዎች 3 በመቶ ያህሉ፣ 6 ዓይነት ብቻ ከቀረበላቸው ደግሞ 30 በመቶ ያህሉ እንደገዙ አሳይቶ ነበር። ይሁንና በ2010 የታተመ፣ 50 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ሌላ ጥናት በአማካይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በመሆኑም የምርጫ ብዛት ሁሉን ሰው ያደናግራል ለማለት አንደፍርም፤ እንደ እርስዎ ላለ አመንቺ ሰው ግን ሁለት ሱቅ ከአምስት ሱቅ እንደሚሻል ጥናት ሳይጠቀስም ይታወቃል።

የጎረቤትዎን ነገር በተመለከተ፣ ዋጋውን የሚጠይቋት ከመግዛትዎ በፊት ይሁን፤ ያኔ መልሷ ይጠቅምዎታል። ከገዙ በኋላ የሚሰሙት ዋጋ ግን ምንም አያስቀይርም፤ እርሷ የገዛችው በየትኛው ሳምንት እንደሆነ፣ ዕቃውም ያው ዓይነት መሆኑ እንኳ አይታወቅም። ባለቤትዎ «ቆጣቢ» ሲሉዎት በቅንነት እንደሆነ እንገምታለን፤ ሆኖም ለአንድ ወር የዘይቱና የሽንኩርቱ ግዢ ለእርሳቸው ቢተላለፍ፣ ሲመለሱም በስንት እንደገዙ ባይጠየቁ፣ ለሁለታችሁም ትምህርት ይሆናል። ማመንታቱ ከገበያ አልፎ እንቅልፍ የሚነሳ፣ በሥራና በልጆች ጉዳይም ውሳኔ የሚያሳጣ ከሆነ ግን የአስቤዛ ዘዴ ስለማይበቃው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ጫማና የስልክ ዕቃ የምገዛው በቴሌግራም ነው። የምከታተላቸው ቻናሎች ስለበዙ አንድ ቻርጀር ለመምረጥ ሳምንት ይፈጅብኛል፤ ዋጋውም «በውስጥ መስመር» ስለሚባል ማወዳደር አልቻልኩም።
ተማሪው፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ዋጋውን በግልጽ ከማይጽፉት ቻናሎች በሙሉ ውጣ፤ ምርጫህ ወዲያው ይቀንሳል። ከቀሩት ውስጥ ሱቃቸው የት እንደሆነ የሚናገሩትን ሁለት ብቻ አስቀር፤ የማሳወቂያ ድምፃቸውን ዝጋና ዕቃ ስትፈልግ ብቻ ግባባቸው። ዋጋ ስታወዳድር የማድረሻውን ክፍያ ደምረህ ጠይቅ፤ ርካሽ የመሰለው አንዳንድ ጊዜ በዚያ ይበልጣልና። ቻርጀሩ እጅህ ሲገባ ስልክህ ላይ ሰክተህ መሙላቱን ሳታይ በቴሌብርም ሆነ በጥሬ ገንዘብ አትክፈል፤ ቅድሚያ ክፈል የሚልህን ሻጭ እለፈው።