መልስ፦ ሀብታም አገር ውስጥ ድሃ ለምን ይኖራል?

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ያን ሁሉ ሀብት ይዛ ድሃ ለምን አላት? የግራ ዘመሞቹ ማሻሻያስ ይሠራል?» ብለሃል። እኛን የጅማ ሰዎች የመጀመሪያው ብዙም አይደንቀንም። ቡናው ከደጃችን ሲጫን ለቃሚው ስንት እንደሚደርሰው እናውቃለን።

ለሁለተኛው እ.ኤ.አ. 2021ን እይ። የአሜሪካ መንግሥት ለስድስት ወር፣ ለአንድ ልጅ በወር እስከ 300 ዶላር ለወላጆች ሰጠ። ገቢ የሌለው ቤተሰብም ሙሉውን አገኘ፤ ዋናው ለውጥ እሱ ነበር። ድጎማን ጨምሮ በሚያሰላው መለኪያ የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ከዚያ ሴኔቱ ውስጥ ድምፅ ጎደለና ክፍያው ቆመ። በ2022 ቁጥሩ 12.4 በመቶ ገባ። «ብር ከሰጠሃቸው ይሰንፋሉ» የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አልበረደም (እኔን አያሳምነኝም)። የሚዘልቅ ማሻሻያ ካማረህ የ1935ቱን የጡረታ ሕግ አንብብ፤ እስካሁን ይከፍላል።