ስቲኮቹን ልመልስለት?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ሚስቴ ስታነብልኝ ነው የምሰማው። እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን በቃኝ፣ የሚሰማኝ ሰው አጣሁ።

ጅማ ነው የምኖረው፣ አጂፕ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አይረን ሜይደን የሚባለውን የእንግሊዞች ባንድ ነው የምሰማው። አዎ፣ ሮክ፣ ይሳቁብኝ። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አስራ አንድ ነን፣ ከነዚህም ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተዋል። የመጀመሪያውን ካሴት ቤት ያመጣው ወንድም ጋሼ ነው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንሰማ ነበር።

ኒኮ ማክብሬን የባንዱ ድራመር ነው። ነበር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1982 ገብቶ 42 ዓመት መታ። ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የሚጫወተው፣ ሌላው በሁለት ፔዳል የሚለፋበትን እሱ በአንድ ፔዳል ይጨርሰዋል። ኅዳር 28 ቀን 2017፣ ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ላይ፣ የዛሬው ማታ የመጨረሻዬ ነው፣ ከእንግዲህ ቱር አልወጣም አለ። በማግስቱ ሳይመን ዶውሰን የሚባል ሰው ተተካ። የባንዱ መሥራች ስቲቭ ሃሪስ በጎን ከሚጫወትበት ባንድ ነው ያመጡት። በማግስቱ እትዬ! ለሞተ ሰው እንኳ ሦስት ቀን ይቀመጡለታል።

ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ስቲቭ እስካለ ድረስ ሜይደን አለ ይላል። ሌላው ዘፋኙ ብሩስ ዲኪንሰንም እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ1999 ተመልሶ የለ፣ ጠብቁ ይላል። እኔ አበቃለት አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አደርኩ። ወንድም ጋሼ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ሰውየው 72 ዓመቱ ነው፣ ተዉት ይረፍ።» ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ ድራመር ነው። እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ከ20 ዓመት በላይ መትቷል፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ጉራግኛውንም። እሱም እንደ ኒኮ ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ሥር ይሸጉጠዋል። በ2016 ክረምት ትንሽ አሞት ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፣ ግፊት ነው አሉ፣ ደህና ሆኗል። ከዚያ መስከረም ላይ ሆቴሉን ተወው። ሰለቸኝ አለ፣ አለቀ። ለገና ቤታችን መጥቶ የድራም መምቻ ስቲኮቹን ለልጄ ሰጠው። ልጄ ገና አስር ዓመቱ ነው፣ ትራስ ይደበድብባቸዋል።

ግንቦት 19 ሜይደን የ50ኛ ዓመት ቱሩን ቡዳፔስት ላይ በአዲሱ ሰውዬ ጀመረ። በሳምንቱ ወንድም ጋሼ ቤት ቡና እየጠጣን ቪዲዮ ከፍቼ አሳየሁት። «እሺ፣ ጥሩ ነው» አለኝ። ያኔ ደሜ ፈላ። «አንተም ያው ነህ፣ ሰለቸኝ ብለህ ጓደኞችህን ሜዳ ላይ የጣልክ» አልኩት። ሲኒው ከእጁ ወድቆ ቡናው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ሚስቱ እየጠረገች «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ትላለች። እሱ ምንም ሳይል ተነስቶ በረንዳ ላይ ዝናቡን እያየ ቆመ። ማታውን ከግሩፑ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ለእንቁጣጣሽ መልእክት ላከልኝ፣ አልመለስኩም። አሁን ስቲኮቹን ልመልስለት አስቤያለሁ፣ የሰው ዕቃ ቤቴ አስቀምጬ ማኩረፍ አልወድም። ልጁ ግን ያለቅሳል። ልመልስለት ወይስ ይቅር?

ቅር ያለው፣ ከአጂፕ

* * *

ሲኒው የወደቀው ከየትኛው እጁ ነው?

እንዳላየህ አውቃለሁ፣ ስልክህ ላይ ነበርክ። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ እንግሊዞቹ ከነቀኑ ከነከተማው ዘርዝረህ ጽፈሃል። ስለ ወንድምህ ሕመም ግን አንድ መስመር ነው ያለህ፣ እሷንም «ትንሽ አሞት» ብለህ ጀምረህ «ደህና ሆኗል» ብለህ ዘጋሃት። ሰውን ሦስት ቀን የሚያስተኛ ትንሽ ሕመም እኔ አላውቅም።

ስለ ሮክ ስለማላውቅ የእህቴን ልጅ ጠራሁና ይሄ ኒኮ የምትሉት ሰው ለምን ወጣ ብዬ ጠየቅኩት። ጥር 2015 ላይ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ፣ ከትከሻው እስከ ጣቱ፣ አልንቀሳቀስ ብሎት ነበር አለኝ። ለወራት ሲለማመድ ቆይቶ ግንቦት ላይ መድረክ ወጣ፣ ለሕዝቡ የተናገረው ግን ቱሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ድሮ እንደ ቀልድ የሚመታቸው ፈጣን ምቶች እምቢ ስላሉት ቀለል አድርጎ ነበር የሚመታቸው። ይሄን ሁሉ አንተ ከእህቴ ልጅ የበለጠ ታውቀዋለህ። ሰውየው ጫማ እንደሚያወልቅ ጽፈህልኝ ስትሮኩን ዘለልከው። ለምን? ረስተኸው አይመስለኝም። ብትጽፈው ከወንድምህ የሆስፒታል ሦስት ቀን አጠገብ ሊቀመጥ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ያ ሲኒ ሌላ ሲኒ ይሆንብሃል።

ሐኪም አይደለሁም፣ ወንድምህን ምን እንደነካው አላውቅም። ግፊት ግን የስትሮክ ዋናው መንስኤ እንደሆነ ሰፈር ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ግፊት ይዞት የተኛ ሰው፣ በወሩ 20 ዓመት የመታውን ድራም ይተዋል፣ ስቲኮቹን ለልጅ ይሰጣል፣ ሲኒ ይጥላል። ሚስቱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ሁለት ጊዜ ምንም አይደለም ትላለች። እሷ ታውቃለች። እሷን ግን እንዳትጠይቃት፣ ምስጢሩ የእሱ ነው፣ እሱ ይንገርህ።

አባቴ መርካቶ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑን በጨርቅ ሸፈነና «ሰለቸኝ» አለ። ያንተ ወንድም ያላትን ያቺኑ ቃል። አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የትምህርት ቤት ወጪ ነበረብኝ፣ ሰነፈ ብዬ አኮረፍኩት። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት ለጎረቤት ልጅ ሳንቲም እየሰጠ ያስገባ እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ሙሽራ ሱሪዬን አጣመምክብኝ ብሎ ሰው ፊት ስቆበትም ነበር። ስለዚህ ከእኔ ሚዛን አትጠብቅ። እኔ ገና ደብዳቤህን ሳልጨርስ የወንድምህ ወገን ሆኛለሁ።

አይተካም የምትለው ኒኮ ራሱ ተተኪ እንደነበር ታውቃለህ አይደል? ከእሱ በፊት ክላይቭ በር የሚባል ልጅ ነበር አሉ። እሱ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነርቭ የሚያደክም በሽታ ያዘው። በ2002፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሜይደኖች እሱን ለመርዳት ለንደን ላይ ኮንሰርት አደረጉለት። በ2013 ነው ያረፈው። ኮንሰርቱን ያደረጉት ከወጣ ሃያ ዓመት ለሆነው ሰው ነው እንግዲህ። አንተ የእናትህ ልጅ የላከልህን የእንቁጣጣሽ መልእክት እንኳ አልመለስክም። አፈርኩብህ።

ስቲኮቹን እንዳትመልስ! ገንዘብ ቢፈልግ ይሸጣቸው ነበር፣ ስቲክ የሚፈልግ ባንድ አይጠፋም። አሁን አምጥተህ ብትመልስለት፣ እጁ የማይዝለትን ነገር በእጁ ልታስይዘው ነው። ልጁም ያልቅስ አያልቅስ ሳይሆን፣ አጎቱ ከሌላ ሰው ሁሉ መርጦ የሰጠው እሱ መሆኑን ይወቅ።

ቅዳሜ ሂድ። በ12 ሰዓት፣ ድሮ ሆቴል ሊሄድ ሸሚዙን በሚቀይርበት ሰዓት። ያ ሰዓት አሁን ለእሱ ረጅም ነው፣ የአባቴን የጠዋት ሰዓት አይቻለሁ። ልጁን ከነስቲኮቹ ይዘኸው ሂድ። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው፣ ሜይደንን እንዳትከፍት፣ ሕመሙንም ገና ከበሩ አትጠይቅ። መጀመሪያ «ሜዳ ላይ የጣልክ ያልኩህን አጥፍቻለሁ» በለው፣ በነዚሁ ቃላት። እንዲሁ «ይቅርታ» ብለህ አትለፈው፣ የተናገርካትን ነገር አንሳት። ከዚያ ልጁ ስቲኩ እንዴት እንደሚያዝ ይጠይቀው። ትራስ እሱም ቤት አይጠፋም። ግራ እጁ ደህና ከሆነ በግራው ያሳየዋል፣ ቀኙ ደህና ከሆነም እኔ ተሳስቼ አንተ እፎይ ትላለህ።

ስትወጡ ቀስ ብለህ የግፊቱን መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠይቀው። ሻል ሲለው ያቆመ ስንት ሰው አውቃለሁ፣ አባቴ አንዱ ነው።

ስለ አዲሱ ድራመር ምንም አልልህም። የእህቴ ልጅ ደህና ይመታል ይላል፣ ግሩፓችሁ ውስጥ ስትጨቃጨቁ እደሩ። ወንድምህን ግን ወደ ግሩፑ መልሰህ አታስገባው፣ ራሱ ከፈለገ ይግባ።

ደግሞ ጫማህን በር ላይ አውልቅ። ያን ምንጣፍ ማን እንዳጠበው አስብ።