ጥያቄና መልስ፦ የጣናን ዓሣ ማን ይጠብቀው?

ጥያቄ፦ እኔና ታላቅ ወንድሜ በጣና ዓሣ ነገር መግባባት አቅቶናል። እሱ ኢኮኖሚክስ ተምሯል፤ «ዓሣው ሲመናመን ዋጋው ይወደዳል፣ ሲወደድ ገዢው ይቀንሳል፣ አስጋሪውም ሌላ ሥራ ይፈልጋል። መንግሥት እጁን ባያስገባ ይሻላል» ይላል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ኅሊናውን ቢሰማ ገበያውም ደንቡም ባላስፈለገ ነበር ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ የወንድምዎ ሐሳብ ባለቤት ላለው ነገር ይሠራል። ዶሮ ሲወደድ አርቢው ብዙ ጫጩት ያሳድጋል፤ ዛሬ ያላረዳት ዶሮ ነገም የራሱ ናትና። ጣና ላይ ግን ዛሬ ያልተያዘ ነጭ ዓሣ ነገ ቀድሞ ለደረሰ ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲወደድ አስጋሪው ይብስ ይጣደፋል፤ የመመናመኑ ምልክት መሆን የነበረበት ዋጋ ራሱ ማባባሻ ይሆናል።

ካናዳዊው ኢኮኖሚስት ስኮት ጎርደን ይህን በ1954 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። በአንድ የወንዝ አፍ 10 ታንኳዎች በቀን 20 ኪሎ ዓሣ ያወጣሉ እንበል፤ በድምሩ 200 ኪሎ ነው። አሥራ አንደኛው ሲጨመር ለእያንዳንዱ 19 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ድምሩ 209 ኪሎ ይሆናል። አዲሱ አስጋሪ 19 ኪሎ ይዞ ቢገባም ከሐይቁ የተጨመረው 9 ኪሎ ብቻ ነው፤ ቀሪው 10 ኪሎ ከጎረቤቶቹ መረብ የመጣ ነው። የቀን ወጪው የ12 ኪሎ ዋጋ ቢያህል፣ እሱ 7 ኪሎ ያተርፋል፣ ሁሉም በአንድነት ግን 3 ኪሎ ይከስራሉ። ሰውየው አልሰረቀም፣ አላታለለም፤ በራሱ ሒሳብ ትክክል ነው። አሥራ ሁለተኛውም ሒሳቡን እንደዚያው ሠርቶ ይገባል።

የእርስዎ ሐሳብ የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። ኅሊናውን የሰማው አስጋሪ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ሲጥል ያሳለፈው ትንሽ ዓሣ አያድግም፤ አጠገቡ ያለው ጠባብ መረብ ይይዘዋል። ጥሩው ሰው የቤቱን እንጀራ አሳንሶ የሐይቁን ዓሣ አያድንም ማለት ነው። ኅሊና ከንቱ ነው አንልም። ሰው ሌላውም እንደታሰረ ሲያውቅ ለመታሰር ፈቃደኛ ይሆናል፤ ያ ዋስትና ሳይኖር ግን ከድሃ ሰው ብቻውን መሥዋዕትነት መጠየቅ ፍትሕ አይመስለንም።

ወንድምዎ «እንግዲያውስ ባለቤት ይሰጠው» ሊልዎት ይችላል። ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ኒውዚላንድ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥና የሚለወጥ የማስገር ኮታ ትሰጣለች። እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚቆመው ግን የወረደው ዓሣ በየዝርያው ተመዝኖ ሲመዘገብ ነው። ጣና ላይ ዓሣው በደንገል ታንኳ በየወደቡና በየደሴቱ ይወርዳል፤ አንዱ መረብ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ቀላቅሎ ያወጣል፤ ነጭ ዓሣ የምንለውም ከአሥር የሚበልጡ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች ጥቅል ስም ነው። መዝኖ መቆጣጠሩ ከዓሣው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

መንግሥትስ? የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱን ሕግ አውጥቷል። ወረቀቱ አልጎደለም። ሐይቁ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ መረብ ደግሞ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ይነሳል። ተቆጣጣሪ በጀልባ እየዞረ መረብ ልፈልግ ካለ ድካሙ ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ይሆናል።

ሕግ ጉልበት የሚኖረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መረቡ ለሽያጭ የሚቀርብበት ሱቅ ነው። ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭን የፕላስቲክ መረብ ርካሽ ነው፣ ውኃ ውስጥ አይታይም፣ ቶሎ ይበጠሳል፤ ተበጥሶ የቀረው አይበሰብስምና ማንም ሳያነሳው ዓሣ እየያዘ ይገድላል። ሺህ አስጋሪ ከማሳደድ ጥቂት ሻጮችን መቆጣጠር ይቀላል።

ሁለተኛው የወንዝ አፍ ነው። ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጠጠር ባለበት ጥሩ ውኃ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ዓሣው ተሰብስቦ ለመረብ የሚመቸው በዚህ ጊዜ ነው። የፍልሰታ ጾምም ነሐሴ 1 ይገባል፤ በጾም ዓሣ የሚበላው ብዙ ነውና ገዢው የሚበረታው ዓሣው ሊወልድ ሲወጣ ነው። ዋጋ ብቻውን እንዲመራ ከተተወ ወደ እናት ዓሣዋ ይመራል።

በቀረው ቦታና ጊዜ ግን ከመንግሥት ይልቅ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የተሻሉ ጠባቂዎች ናቸው ብለን እናምናለን። አሜሪካዊው የሥነ ምኅዳር ምሁር ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. የጋራ ሀብት ወይ ለግል ወይ ለመንግሥት ካልሆነ ይጠፋል የሚል ክርክር አንሥቶ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው የጋራ ግጦሽ፣ መስኖና የዓሣ ቦታ ለረጅም ዘመን የጠበቁባቸውን ብዙ ቦታዎች አሳይታለች። የእኛው መንዝም ምስክር ነው፦ የጓሳን ሣር ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ነባር የአካባቢው ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በወቅቱ እየከፈተ ያጭድ ነበር፤ ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን የውስጥ ደንብ ሊያወጣ ነው። ከዚህ በፊት ያወጣነው በሦስት ወር ፈረሰ። ምን እናስገባ? (ከዘጌ)

መልስ፦ ደንብ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በልኬት ጭቅጭቅ ነውና ከመረቡ ጀምሩ። አንዱ የመረቡን ዓይን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በአንድ ጎኑ ለክቶ «5 ነው» ይላል፤ ሌላው ያንኑ ዓይን ወጥሮ «10 ነው» ይላል። ሁለቱም ስለ አንድ መረብ ነው የሚናገሩት። አለካኩን በደንቡ ጻፉት፦ መረቡ ይነከር፤ 10 ተከታታይ ዓይኖች በአንድ መስመር ይወጠሩ፤ ከመጀመሪያው ዓይን ጫፍ እስከ አሥረኛው ጫፍ ይለካ። አንድ ሜትር ከሞላ የተወጠረ ዓይኑ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ለመነሻ ከዚህ ያነሰ አትፍቀዱ፤ ቁጥሩን ከማጽደቃችሁ በፊት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር አመሳክሩት። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ወደቡ ላይ ቢቀመጥ ማንም ይለካበታል።

የዓይኑን ስፋት ወስናችሁ ርዝመቱን ብትተዉ አባሉ ሰፊ ዓይን ያለው ረጅም መረብ ይጥላል፤ ስለዚህ ለአንድ ታንኳ ስንት ሜትር መረብ እንደሚፈቀድ ይቀመጥ። ተንሳፋፊው ላይም የባለቤቱ ቁጥር በቀለም ይጻፍ፤ ቁጥር የሌለው መረብ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠር።

ተቆጣጣሪ በየሳምንቱ የሚቀያየር ጥንድ ይሁን፣ ገንዘብ ያዡ ግን አይግባበት። ቅጣቱ ከቀላል ይነሣ፦ መጀመሪያ በቃለ ጉባኤ የተያዘ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የዕለቱን ዓሣ ዋጋ የሚያህል መቀጮ፣ ሦስተኛ መረቡን ለአንድ ወር መያዝ፣ አራተኛ ለወረዳው ማሳወቅ። ከመነሻው ከባድ ቅጣት ካስቀመጣችሁ ጎረቤት ጎረቤቱን አያጋልጥም፤ ያለፈው ደንባችሁ በዚህ ምክንያት ፈርሶ እንዳይሆን መርምሩ። መቀጮውም ለተቆጣጣሪዎቹ ኪስ አይሁን፤ ከሆነ ክሱ ይበዛል።

ከሁሉ የሚከብደው የክረምቱ ጉዳይ ነው። የወንዝ አፉን ስትዘጉ የአባሉ ገቢ ይወርዳል፣ ብድሩና የልጆች ደብተር ግን አይጠብቁም። ለምሳሌ አንድ ቤት ለሦስቱ የመዝጊያ ወራት በወር 3,000 ብር ቢጎድለው ጉድለቱ 9,000 ብር ነው፤ በቀሩት ዘጠኝ ወራት በወር 1,000 ብር ማስቀመጥ ይሸፍነዋል። ይህን በእቁብ ልሠራው ብትሉ አይሆንም፤ ዕጣው በክረምቱ መግቢያ የሚወጣለት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ የሚያወጣው ቁጠባ መሆን አለበት። ደግሞም ሐይቁን በሙሉ አትዝጉ። የተከለለውን በእንጨት ምልክት አድርጉ፤ ቀረሶና አምባዛ ከወንዝ አፍ ርቆ ይሰገር።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ። ትንንሽ ቀረሶ ባልገዛ ሌላው ይገዛዋል። የእኔ እምቢታ ምን ይለውጣል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብቻውን ትንሽ ነው የሚለውጠው፤ የዋጋ አወጣጥዎ ግን ይለውጣል። ለትልቁም ለትንሹም በኪሎ እኩል ከከፈሉ ጠባብ መረብን እየሸለሙ ነው። ሁለት ዋጋ ያውጡ፣ ለትልቁ ጨምረው ይክፈሉ። አይጎዱበትም፦ ከቀረሶ የሚወጣው ጥሬ ሥጋ የክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው፤ 3 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ያህል ይሰጣል፣ ትንንሹ ግን ጉልበቱ ሲበዛ ሥጋው ያንሳል። በነሐሴ ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ከመጣልዎት የት እንደተያዘ አቅራቢዎን ይጠይቁ፤ የወንዝ አፍ ከሆነ ይመልሱት። ሴቷ ቀረሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ አፉ ውስጥ ቢጫ እንቁላል የቀረበት ዓሣ ካዩም ይህንኑ ይንገሩት። በመንገድዎ ያሉ ሦስት አራት ምግብ ቤቶች ያንኑ የሁለት ዋጋ ሰሌዳ ከለጠፉ አቅራቢው ትንሹን የሚሸጥበት በር ይጠብበታል። ሰሌዳውን ከፍልሰታ በፊት፣ ሐምሌ ላይ ይለጥፉት፤ አስጋሪው የክረምቱን መረብ ከመግዛቱ በፊት ቢያየው ይሻላል።