ድሬ ስትመጡ የአንጀት ህመማችሁን አትደብቁ

ውጭ ሀገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ አልሰረቲቭ ኮላይተስ ወይም ክሮንስ (አንጀት የሚያቆስሉ የዕድሜ ልክ ህመሞች ናቸው) እያለባችሁ ለእረፍት ድሬዳዋ ወይ ሐረር ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ለናንተ ነው። እኔ ኮላይተስ እንዳለብኝ ካወኩ 14 ዓመት አልፎኛል፣ ያወኩት እዛው ስደት ላይ ነው፣ አሁን በየዓመቱ መጥቼ ድሬ ወር ሁለት ወር እቀመጣለሁ ደህና ሆኜም እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እንደዚህ አልነበረም።

ከታመምኩ በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ስመጣ ለማንም አልተናገርኩም። በሰገራዬ ደም ካየሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር፣ እናቴን ምን ብዬ ላስደንግጣት አልኩ። ድሬ ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ስገባ ዶሮው ደርሷል፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ አክስቴ ጉርሻ ይዛ ቆማለች፣ በኛ ሀገር ደግሞ ጉርሻ እምቢ ማለት ሰውየውን እምቢ ማለት ነው። የኮላይተስ መድሃኒቴን፣ ሜሳላዚኑን፣ ሰው ፊት መዋጥ ከበደኝና ደህና ሆኛለሁ እኮ ብዬ ተውኩት። በሶስተኛው ሳምንት ሌሊት አምስት ስድስቴ መነሳት፣ ደም፣ ቁርጠት። ክሊኒክ ሄድኩ እናቴ አጠገቤ ስለተቀመጠች እዛም ኮላይተስ አለብኝ ሳልል ቀረሁ፣ የአሜባ መድሃኒት ተሰጠኝ፣ አልተሻለኝም፣ 8 ኪሎ ቀንሼ ተመለስኩ። እኔ ጥፋቱን በሙሉ በበርበሬው ላይ ነበር የጣልኩት፣ ሀኪሜ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ መድሃኒቱን መቼ እንዳቆምኩ ነው።

በሽታውን ያመጣው ምግብ አይደለም፣ ምግብ ስላስተካከላችሁም አይድንም። የአንጀቱን ቁጣ አስተኝቶ የያዘላችሁ መድሃኒቱ ነው፣ ደህና በሆናችሁበት ጊዜም ስራ ላይ ያለው እሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ የምትወስዱማ በድንገት ማቆም ራሱ አደጋ ነው፣ የሚወርደው በሀኪም እጅ ቀስ እየተባለ ነው።

ስትነግሯቸው ደግሞ "ጨጓራ ነው" ብላችሁ አታሳጥሩት። ጨጓራ ካላችሁ ጠዋት ተልባ ይመጣል፣ ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ይመጣል፣ የግመል ወተት ጠጣ ጠጪ ይባላል፣ ሁሉም ከፍቅር ነው ግን ለናንተ አይሆንም። "ትልቁ አንጀቴ ይቆስላል፣ አይተላለፍም፣ ዕድሜ ልክ መድሃኒት እወስዳለሁ፣ ሲነሳብኝ ደም ያስወጣኛል" በሏቸው፣ ገና ሳትሳፈሩ በስልክ። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ እንደዛ አደረኩ፣ እናቴ ትንሽ አለቀሰች፣ ከዛ "ታዲያ ምን ልስራልህ?" ነው ያለችኝ። ጉርሻውን ከአክስቴ የምትከላከልልኝ አሁን እሷ ናት።

አበላሉ ጋር ስመጣ፣ ሰው ይለያያል፣ የኔን ነው የምነግራችሁ። ደህና በሆንኩ ጊዜ እንጀራ እበላለሁ፣ አልጫ፣ የበሰለ አትክልት፣ ዓሳ ከተገኘ ዓሳ፣ በርበሬም በትንሹ። ሲነሳብኝ ግን ጤፍ ፋይበሩ ብዙ ስለሆነ እንጀራውን ለጊዜው ትቼ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሾርባ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ። ቆሎና የባቢሌ ኦቾሎኒ ያኔ ዘወር ይላሉ፣ ዘይቱናም በፍሬው ምክንያት። አብሽ ያለበት ነገር እኔን ይነፋኛል፣ ስለዚህ ሐረር ሁልበት መረቅ፣ አብሽ ያለበት የሥጋ መረቅ ማለት ነው፣ ሲቀርብልኝ ሥጋውን ብቻ እበላለሁ። ጠዋት ፈጢራ ከበላሁ ዘይቱ ስለሚከብደኝ የዛን ቀን ምሳ ቀለል አደርጋለሁ። በሽታ የመከላከል አቅም የሚያወርድ መድሃኒት ላይ ካላችሁ ግን ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት በፍፁም፣ የግመሉም ቢሆን፣ እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም።

ጫት የምትቅሙ ካላችሁ አልቆጣም፣ ግን ከበርጫው በኋላ እራት እንደማይበላ ታውቃላችሁ፣ እንቅልፍም የለም፣ የማታው ኪኒንም ይረሳል። በዛ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። ተቅማጥ ከጀመራችሁ ኦአርኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አንዱን ፓኬት በ1 ሊትር ንፁህ ውሃ በጥብጡት። ራስ ምታት ወይ ወገብ ሲይዛችሁ ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን አትውሰዱ፣ ህመሙን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፣ ፓራሲታሞል ይበቃል።

እዚህ እያላችሁ ከተነሳባችሁ ራሳችሁ ተነስታችሁ ስቴሮይድ አትጀምሩ። እኛ ሀገር እውነተኛ አሜባም አለ፣ አሜባ እያለ ስቴሮይድ መውሰድ አንጀት እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል። ሰገራ ይመርመር፣ ኮላይተስ እንዳለባችሁ ለሀኪሙ ንገሩት፣ ውጭ ላለው ሀኪማችሁም ደውሉ።

መርፌ የምትወጉ፣ በሽታ የመከላከል አቅም የሚያወርደውን አዳሊሙማብ ማለቴ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ከፍሪጅ ቢወጣ እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ለ14 ቀን ይቆያል። ድሬ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት 35 ይደርሳል፣ መብራትም ይጠፋል፣ ስለዚህ የበረዶ ሳጥንና ትንሽ ቴርሞሜትር ይዛችሁ ኑ፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን አትክተቱት፣ በረዶ ከሆነ በኋላ አይሆንም። መድሃኒት ሁሉ በእጅ ሻንጣ፣ ከምትቆዩበት ሁለት ሳምንት ትርፍ፣ ከሀኪም ደብዳቤ ጋር፣ ደብዳቤው ላይ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን የመድሃኒቱ ዋና ስም ይጻፍ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለው ስለሆነ እንደዚህ ያለ መድሃኒት ላይ ያለ ሰው አይወስደውም፣ ትኬት ሳትቆርጡ ጠይቁ።

ሐረር ስትወጡ፣ መንገዱ በደንገጎ ጥምዝምዝ ነው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ሚኒባሱ ደግሞ እናንተ ስለፈለጋችሁ አይቆምም። እኔ ህመሙ ሲያስጠረጥረኝ ከዘመድ ጋር ኮንትራት መኪና እይዛለሁ፣ ሶፍትና ቅያሪ ሱሪ በቦርሳ፣ ሳልበላ ወጥቼ እዛ ደርሼ እበላለሁ። ጁገል ውስጥ እየዞራችሁ ድንገት ከመጣባችሁ በቅርብ ያገኛችሁትን በር አንኳኩ። እኔ ሁለቴ አንኳክቻለሁ፣ ሁለቴም ሽንት ቤቱን አሳይተውኝ ስወጣ ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ።