ስለ ቢላ ቦርሳ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ኩሽና ውስጥ ለምትሠሩ ሁሉ «ስለ ቢላ ቦርሳ ያላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከተማሪ፣ ከሆቴል ሼፍ፣ ከድግስ አብሳይ፣ ከውጭ አገርም ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ሁላችሁም የጠየቃችሁት ስለ ቦርሳው ነው። ስለ አፎት፣ ማለትም የቢላው ብረት ስለሚገባበት ሽፋን የጠየቀኝ ግን የለም። ስለቱንም እጃችሁንም የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ በመልሶቼ መሃል አነሳዋለሁ።

የምግብ ዝግጅት ተማሪ ነኝ። ያለኝ ሦስት ቢላ ነው። ብዙ ኪስ ያለው ትልቅ ቦርሳ አይቼ ወደድኩት። ልግዛው?

አሁን ይቅርብህ። ትርፍ ኪስ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። ማንኪያው፣ እስክርቢቶው፣ የተሰበረ መላጫው ሁሉ እዚያ ይገባል። ቦርሳው ይከብድሃል፣ ቢላዎቹም ይጋጫሉ። ለጀማሪ ከአምስት እስከ ሰባት ኪስ ይበቃል። ትልቁ የሼፍ ቢላ፣ ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ፣ ሥጋ ከአጥንት መለያው፣ ትንሿ ቢላ፣ መሳያ ብረት፣ መላጫ። በቃ።

ሱቅ ስትሄድ ሜትር ያዝ። ሻጭ «የ20 ሴንቲሜትር ቢላ» ሲልህ የብረቱን ርዝመት ብቻ ነው የሚነግርህ። እጀታው ሲጨመር ወደ 33 ይደርሳል። ባለ 25ቱ ደግሞ ወደ 38 ይጠጋል። ብዙ ጊዜ ቦርሳ አልዘጋ የሚለው በዳቦ ቢላውና በመሳያ ብረቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉም የሚረዝመውን ከጫፉ እስከ እጀታው መጨረሻ ለካና በዚያ ምረጥ። ቢቻልህ ቢላውን ራሱን ይዘህ ሂድና ከትተህ እየው።

የናይለን ቦርሳ አለኝ። የቢላዬ ጫፍ በስቶት ወጣ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ሊወጋት ነበር። ወፍራም ጨርቅ ልፈልግ?

ጨርቁ ቢወፍር ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ መበሳቱ አይቀርም። በተራመድክ ቁጥር ቢላው ኪሱ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ጫፉ ያችኑ አንድ ቦታ ይመታል። ስለቱ ደግሞ በጎን በኩል የኪሱን ስፌት ክር በክር ይበጥሳል። አንድ ቀን ሁለት ኪስ አንድ ሆኖ ታገኘዋለህ።

መፍትሄው አፎት ነው። ከፕላስቲክ የተሠሩት ርካሽ ናቸው፣ ይታጠባሉም። ውስጣቸው ለስላሳ ጨርቅ ያላቸው ስለቱን አይፍቁትም፤ እርጥበት ግን ይይዛሉ። ጃፓኖች ከእንጨት የሚሠሩት ሳያ የሚባል አፎት አለ። ለቢላው ቅርጽ ተብሎ ስለሚሠራ ለሌላ ቢላ ላይሆን ይችላል። አፎት የማይገኝ ከሆነ ወፍራም ካርቶን ከብረቱ ሁለት ሴንቲሜትር አስረዝመህ ቁረጥ። እጠፈው፣ ብረቱን መሃሉ አስገባ፣ ጎኑንና የጫፉን በኩል በስኮች አጥብቀህ ዝጋ። ካርቶን እርጥበት ስለሚመጥ ለጥቂት ቀን ነው የሚሆነው። ሲለሰልስ ወይም ቅባት ሲጠጣ ጣለው።

ታክሲ ውስጥ ደግሞ ቦርሳውን እጀታዎቹ ወደ ላይ እንዲሆኑ አድርገህ እግርህ መሃል አቁመው። ጭንህ ላይ አታጋድመው።

የድግስ ሥራ ነው የምሠራው። ሠርግም፣ ተዝካርም፣ ክርስትናም። ቢላዎቼን በጋዜጣ ጠቅልዬ በፌስታል ነው የምይዘው። የሚሸጠው ቦርሳ ውድ ሆነብኝ።

እትዬ፣ እርስዎ መግዛት የለብዎትም። ያሰፉት። ከብዙ የሱቅ ቦርሳ የተሻለ ይወጣልዎታል።

የድንኳን ወይም የመኪና ሸራ ይፈልጉ። አቡጀዴ አይሆንም፣ ይሳሳል። ለአምስት ቢላ ወርዱ 50 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር ይበቃል። ለልብስ ሰፊ አይስጡት። ተራው የልብስ ማሽን ድርብ ሸራ ላይ መርፌው ይሰበራል። ቦርሳ ወይም ጫማ የሚሰፋ ሰው ጋ ይውሰዱት።

ሰፊውን እንዲህ ይበሉት። ከታች በኩል 27 ሴንቲሜትር ወደ ላይ እጠፈው። ይህ ኪሱ ነው። ከላይ 20 ሴንቲሜትር ተርፎ ወደ ታች ይታጠፋል፤ እሱ እጀታዎቹን ይሸፍናል። ክዳን የሌለው ጥቅል ሲዘነብል ቢላው ተንሸራቶ ይወጣል፣ ስለዚህ ክዳኑ እንዳይቀር። ኪሶቹን ለትልልቆቹ ስምንት ስምንት፣ ለትንንሾቹ አምስት አምስት ሴንቲሜትር አድርጎ ይለያቸው። ቢላ ውፍረት አለው፣ አፎትም ይጨመራል። በብረቱ ልክ ብቻ ከተሰፋ አይገባም።

አሁን ዋናው። የቢላዎቹ ጫፍ በሚያርፍበት በታችኛው እጥፋት፣ ከውስጥ በኩል፣ አራት ጣት የሚያህል ወፍራም ቆዳ ከእጥፋቱ ዳር እስከ ዳር ያስሰፉበት። የጫማ ሰፊ ቁራጭ ይሆናል። ክሩ የናይለን ይሁን። ጠርዙ ላይ ሁለት ረጃጅም ማሰሪያ ያስደርጉ። ጥቅሉ ሁለት ሦስት ቢላ ሲጨመርበትም ሲቀነስበትም ማሰሪያ ይስማማል። ዚፕ ግን አይስማማም።

አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ድግስ ቤት ሰው ይበዛል፣ ቢላ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ማታ ሲሰበስቡ ጥቅሉን ዘርግተው ሲያዩት ባዶ የሆነው ኪስ የጠፋው የቱ እንደሆነ ይነግርዎታል። ፌስታል ይህን አያደርግም። እጀታዎቹ ላይም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ፕላስተር ይጠምጥሙ። ከሰው ቢላ ጋር አይቀላቀልም።

ጋዜጣውን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ቀለሙ ይለቃል፣ ይረጥባል፣ ስለቱም በቀላሉ ያልፈዋል። ፌስታል ውስጥ እጅ ሲገባ የሚሆነውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የጾም እና የፍስክ ቢላ ለይቼ ነው የምጠቀመው። ሁለት ቦርሳ ያስፈልገኛል?

ደንበኞችሽ የሚጠነቀቁ ከሆነ አዎ፣ ሁለት አድርጊ። ቢላው ታጥቦ የገባ ቢሆንም እንኳ የድግሱ ባለቤት ከአንድ ጥቅል ውስጥ ሁለቱንም ስታወጪ ካየች ልቧ አይረጋም። ያንን ማክበር የሥራው አካል ነው። ሁለተኛው የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ለጾም ሥራ ሦስት ኪስ ይበቃል። ቀለሙ ከሩቅ የሚለይ ይሁን።

በአገራችን ቆዳ የተሠራ ጥቅል አየሁ። በጣም ያምራል። ይሻላል?

ያምራል፣ ይበረክታልም። ሁለት ነገር ግን እይ። አንደኛ፣ የምን ቆዳ ነው? የደጋ በጋችን ቆዳ በዓለም የታወቀው ለጓንት ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ። ለጓንት የተመሰገነው ስስነት ለቢላ አይሆንም። ጥቅሉ የበሬ ወይም የላም ወፍራም ቆዳ ይሁን። በጣትህ ቆንጥጠው፣ እጠፈው። እንደ ጨርቅ ከታጠፈልህ ተወው።

ሁለተኛ፣ ቆዳ መሸከሚያ እንጂ ማከማቻ አይደለም። በቅጠላ ቅጠልና በዛፍ ልጣጭ የለፋ ቆዳ አሲድነት አለው። በኬሚካል የለፋውም ጨው ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ ሁለቱም እርጥበት ይስባሉ። ቢላህን ለወራት እዚያ ከተውከው ነጠብጣብ ዝገት ታገኛለህ። ሥራ ቦታ ስትደርስ አውጣ፣ ቤት ስትገባም አውጣ። ውሃ ከነካው ጥላ ሥር አድርቀው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ዘመድ የጃፓን ቢላ ላከልኝ። ቦርሳ ውስጥ አድሮ ቡናማ ሆነ። ተጭበርብሬ ነው?

አልተጭበረበርክም። ያ የካርቦን ብረት ይመስለኛል። የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ የካርቦኑ ይህን ያህል የለውም። በምትኩ ስለቱ በጣም ይሳላል። ብዙ ኩሽና የሚወደውም ለዚህ ነው።

ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ጠርገህ ወዲያው አትጠቅልለው። እጀታው ከብረቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ውሃ ይቀራል። ጥቂት ደቂቃ አየር ላይ ተወው። ከዚያ ስስ የማዕድን ዘይት ቀባው፣ ለምግብ ዕቃ የሚሆነውን። ኑግም ሆነ የሱፍ ዘይት አትጠቀም፤ ይጣበቃል፣ ይሸታል። አሁን ያለው ቡናማ በመጋገሪያ ሶዳና በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። የማይዝገውም ቢሆን እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ይዝጋል፣ ብቻ ይዘገያል።

ለንደን ነው የምሠራው። ቢላ ይዤ ባቡር ላይ ፖሊስ ቢያገኘኝስ? (ከጀርመንና ከእስራኤልም ተመሳሳይ ጥያቄ መጥቷል።)

እንግሊዝ ውስጥ በሕዝብ ቦታ የማይታጠፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ ወንጀል ነው። የሚፈቀደው ታጣፊ ሆኖ፣ ሲከፈት የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ብቻ ነው። ለሥራ መያዝ በቂ ምክንያት ተብሎ ይቆጠራል። ግን የምታስረዳው አንተ ነህ። ሥራ ከወጣህ በኋላ መዝናኛ ቤት ጎራ ስትል ቦርሳው ትከሻህ ላይ ካለ ማስረዳቱ ይከብድሃል።

ጀርመን ውስጥ ስለቱ ከ12 ሴንቲሜትር የበለጠ የማይታጠፍ ቢላ ላይ ተመሳሳይ ክልከላ አለ። ለሙያ ሥራ መያዝም፣ በተዘጋ መያዣ ማጓጓዝም ይለያል። እዚያ ላላችሁ ዚፑ ቁልፍ የሚያስገባ ቦርሳ ግዙ። ማሰሪያ ያለው ጥቅል ካላችሁ የሚቆለፍ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። እስራኤልም ከቤት ውጭ ቢላ የያዘ ሰው ለሕጋዊ ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት አለበት።

የትም ብትሆኑ የሥራ መታወቂያና የፈረቃ ፕሮግራም ከቦርሳው አይለዩ። ቢላው በቀላሉ የማይደረስበት ይሁን። አዲስ አበባም ሆቴልና የገበያ ማዕከል በር ላይ ፍተሻ አለ። «ሼፍ ነኝ፣ ቢላ ይዣለሁ» ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጥበቃው እጁን ከትቶ ከመፈለጉ በፊት።

ዱባይ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው። ቢላዎቼን በአውሮፕላን እንዴት ልውሰድ?

በእጅ ሻንጣ አይታሰብም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፣ እያንዳንዱም አፎት ይኑረው። ሻንጣሽን ከፍቶ የሚፈትሽ ሰው አለ፣ እጁን አስቢለት። የአሜሪካ የበረራ ጥበቃ መመሪያም ሹል ነገር ተሸፍኖ ወይም በደንብ ተጠቅልሎ እንዲጫን ያዛል። ጥቅሉን መሃል ላይ፣ በልብስ ከበሽ አስቀምጪው። ቡቴን ጋዝ ያለበትን ማቃጠያ ግን ተዪው። በእጅም በጭነትም አይፈቀድም።

ቤት ውስጥስ ቦርሳው ውስጥ ባስቀምጠው?

ልጅ ካለ ተጠቅልሎ ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ልጅ ከሌለ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማግኔት ይሻላል፤ አየር ያገኛል። ስትሰቅሉት መጀመሪያ ጀርባውን አስነኩ፣ ከዚያ ብረቱን አስተኙ። ስታነሡትም በተቃራኒው።

ቦርሳው ቅባትና በርበሬ ጠጥቷል። ዚፑም ይይዛል። እንዴት ላጽዳው?

ቢላዎቹን አውጥተሽ ቦርሳውን ገልብጪና አራግፊው። ሸራና ናይለን ከሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ እሺው። በኪሶቹ ታች ፍርፋሪ ይጠራቀማል፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ግቢበት። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላ ሳይታጠብ ገብቶ ከሆነ አንድም ኪስ አይዝለልሽ። ከዚያ ኪሶቹ ውስጥ ምንም እርጥበት እስከማይቀር ተዘርግቶ ይደር። በማግስቱም እጅሽን ከተሽ ካልደረቀ አንድ ቀን ጨምሪለት። ዚፑ ሲደርቅ ጥርሶቹ ላይ ሻማ እሺበትና ወዲያ ወዲህ አመላልሺው።