«ጨጓራ ነው» ለምትሉ ወንድ ልጆቼ

ሰላም ልጆቼ። ጎንደር ተምሬ የወጣሁ ጤና መኮንን ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የታዘብኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሴት ስትታመም የሚሰማትን ትናገራለች። ወንድ ግን የበሽታውን ስም ይዞ ይመጣል። «ጨጓራዬ ነው» ይላል። «ብርድ መቶኝ ነው»፣ «ኩላሊቴ ነው»፣ «ድካም ነው»። ስሙን እቤቱ አውጥቶለት፣ ለወራት አብሮት ኖሮ፣ ሲብስበት ነው የሚመጣው። ያውም እናቱ ወይ ሚስቱ ጎትታው።

ችግሩ ያለው ስሙ ላይ ነው። ጨጓራ ካላችሁት የጨጓራ ኪኒን ትገዛላችሁ። ብርድ ካላችሁት ጋቢ ደርባችሁ ትተኛላችሁ። እቤት የሚያስቀምጣችሁ ያ ስም ነው።

አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ከዓይኔ አይጠፋም። ዕድሜው 40 አልሞላም። የቀኝ እጁን ጨብጦ ደረቱ መሀል ላይ አድርጎ «ይቺ ጨጓራ ልትገድለኝ ነው» አለኝ። የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ግማሹ ያለቀ የጨጓራ ኪኒን፣ የኦሜፕራዞል እሽግ ነበር። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ እሱ ግን ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እኔን ያስደነገጠኝ ያ ቡጢ ነው። ልቡ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ሕመሙን እንዲህ ጨብጦ ነው የሚያሳየው። የልብ ምርመራ አነሳነው፤ ሀርት አታክ ነበር። ለሦስት ሳምንት ዳገት ሲወጣ ይጨንቀው፣ ሲያርፍ ይለቀው እንደነበር የነገረን በኋላ ነው። ተርፏል። ወደ መኪናው ግን አልተመለሰም።

ደረታችሁ መሀል ላይ የሚጫን ሕመም ከተሰማችሁ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብ ካመጣ ወይም ትንፋሽ ካሳጠረ አትዋሉ አትደሩ። ያ ሹፌር ግፊቱን ተለክቶ አያውቅም ነበር። «ራሴን አያመኝም፣ ግፊት የለብኝም» የሚል ወንድ ስንት አይቻለሁ! የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ከ140/90 በላይ ሆኖ ለዓመታት ዝም ብሎ ልብና ኩላሊትን ይጎዳል። ሲጋራ ደም ሥርን ያጠባል። ጫትም የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። መለካት ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ደም ሥር ካነሳሁ አይቀር፣ የምታፍሩበትንም ልንካ። የመኝታ ቤት ችግር ሲገጥማችሁ ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ፋርማሲ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። «ለጓደኛዬ ነው» ብላችሁ ሰማያዊዋን ኪኒን፣ ቪያግራን ትገዛላችሁ። አንድ ሁለቴ ቢያጋጥም ጭንቀት፣ መጠጥ ወይም እንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። ከቀጠለ ግን ስኳራችሁንና ግፊታችሁን ታዩ። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይጠባሉ። ስለዚህ ደም ሥር መጥበብ ሲጀምር ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው። ልብ ችግሩን ሳያሳይ ከዓመታት በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ያቺ ኪኒን ናይትሬት ከሚባሉት የልብ መድኃኒቶች ጋር ከተወሰደች ግፊትን በድንገት ታወርዳለች፤ ሰው ልትገድልም ትችላለች። እባካችሁ ሳትመረመሩ አትዋጡ።

አሁን ደግሞ በተለይ ለትንንሾቹ። የ16 ዓመት ልጅ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሕመም ቀሰቀሰው፣ አስመለሰው። እናቱን «ሆዴን» አላት። ጤና አዳም አፍልታ ሰጠችው። ሲነጋም «ሆዴን» አለ። እኛ ጋ ሲደርስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሆዱን ስነካው ለስላሳ ነው። እሱ ግን ጉልበቱን አጥፎ፣ ጭኖቹን ገጥሞ አልከፍትም አለ። እናቱን ውጭ እንድትጠብቀን ለመንኳት። መጋረጃውን ስስብ ልጁ ጣራ ጣራውን እያየ፣ በሹክሹክታ «ቆለጤን ነው» አለኝ።

የዘር ፍሬው የተንጠለጠለበት ገመድ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ነበር። ይሄ በ6 ሰዓት ውስጥ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ተስፋው ይመነምናል። ልጁ ከ13 ሰዓት በኋላ ነው የመጣው። አንዱ ፍሬ ወጣ፤ ሌላው እንዳይጠመዘዝ ተሰፋ። በአንዱም ልጅ መውለድ ይቻላል፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ። እናቱ ኮሪደር ላይ ቆማ «እኔን አፍረህ? እኔን?» እያለች ስታለቅስ ግን ምን እንደምላት ጠፋኝ። በድንገት የሚመጣ የቆለጥ ሕመም ለነገ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱና ተናገሩ።

የማያመውም አለ። ቆለጥ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠጠር ያለ እብጠት ከዳበሳችሁ፣ ስላላመማችሁ አትተዉት። የዘር ፍሬ ካንሰር ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉትን ወንዶች ነው ይበልጥ የሚይዘው። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ በደንብ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። በወር አንዴ፣ ሙቅ ውኃ ከታጠባችሁ በኋላ በጣታችሁ ዳብሱት። የራሳችሁን ካወቃችሁ ለውጡንም ታውቃላችሁ።

«ድካም ነው» የሚለው ስም ብዙ ተማሪ አሳስቷል። ሌሊቱን ሙሉ ውኃ እየጠጣ፣ ሽንት ቤት እየተመላለሰ፣ ሱሪው እየሰፋ «የፈተና ሰሞን ነው» ይላል። ስኳር ነው። የዶርም ጓደኞቹ ናቸው ተሸክመው የሚያመጡት፤ ትንፋሹ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ እየሸተተ፣ ራሱን ስቶ። የጣት ደም ጠብታ ቀድሞ ቢታይ እዚያ ባልደረሰ።

«ኩላሊቴ ነው» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ሽንት ቀይ ከሆነ፣ ቢያማችሁም ባያማችሁም ተመርመሩ። ጠጠር ሊሆን ይችላል። አዋሽ ሸለቆ አካባቢ ላደጋችሁ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ ሊሆን ይችላል። በዕድሜ ገፋ ያለና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ሕመም የሌለው ደም የፊኛ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ ከብልታችሁ ካያችሁ ደግሞ ከፋርማሲ በግምት አንቲባዮቲክ አትግዙ። በደንብ ያልታከመ ኢንፌክሽን የሽንት ቱቦን ጠባሳ አድርጎ ሊያጠብ ይችላል። አጋራችሁም አብራ ካልታከመች መልሶ ሊመጣ ይችላል።

ስሙ ጨርሶ የማይወጣለት ሕመምም አለ። ወንድ ሲከፋው አያለቅስም ተብሎ ስላደገ በሌላ በኩል ነው የሚወጣው። መናደድ ያበዛል፣ ይጠጣል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ ስልክ አያነሳም። ጓደኛችሁ «ሰለቸኝ፣ በቃኝ» ማለት ካበዛ እንደ ወሬ አትለፉት። ቀጥ ብላችሁ ጠይቁት። «ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አትተዉት፤ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።

የመጨረሻው ስለ አባቴ ነው። ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ይነሳ ነበር። ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ የበሩ መሸጎጫ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ደጅ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። እኔ በቀን ስንቱን ሽማግሌ ስለ ሽንቱ እጠይቃለሁ፣ አባቴን ግን አንድ ቀን ብቻ ነው የጠየቅሁት። በኋላ ሽንቱ ፈጽሞ ተዘጋ። ቱቦ ሲገባለት ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ ፕሮስቴት ነበር፤ ካንሰር ሆኖ ወገቡ አጥንት ላይ ደርሷል። የወገቡን ሕመም «ብርድ ነው» እያለ በቅቤ ያሳሽ ነበር። ሌሊት መመላለስ ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው በዕድሜ የሚመጣ የፕሮስቴት ማበጥ ነው፣ እሱም ሕክምና አለው። ግን ሳይታይ አይታወቅም።

አባታችሁ ከ50 ካለፈ ዛሬ ማታ ደውሉለት። «አባዬ፣ ሌሊት ስንቴ ትነሳለህ? ስትሸና ሽንትህ ሳይዘገይ ይወርዳል?» በሉት። «እርጅና ነው ልጄ፣ ተወው» ይላችሁ ይሆናል። ያኔ የምትሳፈሩበትን ቀን ንገሩትና ሄዳችሁ ራሳችሁ አስመርምሩት። እኔንም እንደዚያው ነበር ያለኝ፤ እኔ ግን ተውኩት።